ልጆች ይዞ ከቬጋስ ዴዝ ቫሊ ደርሶ መልስ

ከላስ ቬጋስ ተነስቶ የካሊፎርኒያውን የበረሃ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዴዝ ቫሊን፣ አይቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። በፓህራምፕ ከተማ በኩል ፓርኩ ውስጥ እስካለው ፈርነስ ክሪክ 120 ማይል ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ተራ የቤት መኪና ይበቃል። ቀኑን የሚያበላሸው መንገዱ ሳይሆን ወላጅ ነው። አሥር ቦታ በአንድ ቀን ለማዳረስ ይነሳል። ልጁ ቁጢጥ ብሎ "ይሄ ለምን ነጭ ሆነ?" ሲለው፣ "ና ግባ፣ ገና ስንት ቦታ ይቀረናል" ይላል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተባለ ልጅ ከዚያ በኋላ ከታብሌቱ ላይ ዓይኑን አያነሳም።

እዚህ የማሳያችሁ አራት ቦታ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩት። ሸለቆውን መጀመሪያ ከላይ አይተን ነው ወደ ታች የምንወርደው፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ። ሰዓቱም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መቼ ይኬዳል

ከኖቬምበር እስከ ማርች። በእነዚህ ወራት ቀኑ ደስ ይላል፤ ጠዋት ጠዋት እንዲያውም ጃኬት ያስፈልጋል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ግን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። በዓለም የተመዘገበው ከፍተኛው የአየር ሙቀት፣ 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተለካው እዚሁ ፈርነስ ክሪክ ላይ ነው፤ ጁላይ 10 ቀን 1913። ዛሬም በሰመር ከ49 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ቴርሞሜትሩ አጠገብ ፎቶ ለመነሳት ብሎ በዚያ ሙቀት የሚሄድ ሰው አለ። ይሂድ። እናንተ ልጅ ይዛችኋል።

ዝናብን አትናቁ። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ኦገስት 20 ቀን 2023 በአንድ ቀን ብቻ ከዚያ በላይ ጥሎ መንገዱን በያለበት ቆራርጦታል። ፓርኩ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ተዘግቶ ቆየ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታ የፓርኩ ድረ ገጽ ላይ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ እዩ። ካርታው ያሳየው ሁሉ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ሳምንት ሲቀረው

መኪናውን አዩት። የራዲያተሩ ኩላንት፣ የጎማው አየር፣ የፍሬኑ ነገር። ስኮርታውንም አረጋግጡ። አዳዲስ መኪኖች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ ወለሉ ሥር ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው ያለው። ይህንን በረሃ መሀል ሆኖ ማወቅ ጥሩ አይደለም።

የልጅ መቀመጫም አስቡበት። ድንበሩን ተሻግራችሁ ካሊፎርኒያ ነው የምትገቡት። እዚያ ሕጉ ከኔቫዳ ይጠብቃል፤ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በስተኋላ ወንበር በካርሲት ወይም በቡስተር መታሰር አለበት። ቬጋስ ውስጥ ቡስተር የተወ የሰባት ዓመት ልጅ ካላችሁ፣ ለዚህ ቀን መልሱት።

መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዙ። ቤታችሁ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ ግን አትክፈሉ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ቤተሰቡን ይዞ ብሔራዊ ፓርክ በነጻ የሚገባበት ፕሮግራም አለ፤ ስሙ "ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ" ነው። ልጁ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ይሞላል፣ ወረቀቱን ፕሪንት ታደርጉለታላችሁ።  በር ላይ ወረቀቱን እሱ እንዲሰጥ አድርጉ። ቤተሰቡን "እኔ ነኝ ያስገባሁት" እያለ ቀኑን ሙሉ ይኮራል።

በመጨረሻ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ከፓህራምፕ ካለፋችሁ በኋላ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም። በየት ሄዳችሁ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቬጋስ ለሚቀር ሰው ንገሩ።

ማታ የሚዘጋጅ

ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው 4 ሊትር። ዊንተር ነው ብላችሁ አትቀንሱ፤ ከተረፈ ይመለሳል። ግማሹን ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ኩለሩ ውስጥ በበረዶ ፋንታ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሆኖ ይጠጣል።

ምግብ ላይ ወጥ በእንጀራ ይዞ መኪና ውስጥ መከራ ማየት አያስፈልግም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብርቱካን፣ ቴምር፣ ጾም ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላል። ለዚህ ጉዞ ግን በሶን የሚያህል የለም። ጭብጦ አድርጋችሁ በፎይል ጠቅልሉት፤ አይፈስ፣ አይበላሽ፣ ያጠግባል። ቋንጣ ተዉት፣ ውሃ ያስጠማል።

ለልጆቹ ለየብቻ አንድ አንድ ቦርሳ ስጧቸው። ውስጡ ደብተርና እርሳስ፣ ርካሽ ማጉያ መነጽር፣ ባርኔጣ፣ ክዳን ያለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያልተከፈተ አንድ ቺፕስ። ቺፕሱን እስክትነግሯቸው እንዳይከፍቱት አስጠንቅቁ። ለሙከራ ነው።

ሰንስክሪን፣ ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃና የቆሻሻ ፌስታል ለሁሉም። በየቦታው ሽንት ቤት አለ፤ ብዙዎቹ ግን ውሃ የላቸውም።

ጠዋት 6 ሰዓት ተኩል፣ መነሳት

ቬጋስ ያለችው 610 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በ160 መንገድ ስትወጡ ማውንቴን ስፕሪንግስ ላይ 1,670 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። የልጆቹ ጆሮ ይደፈናል። አሁን "ቺፕሳችሁን አውጡ" በሏቸው። ላስቲኩ ተነፋፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ማን ነፋው?

መልሱን እንዳትነግሯቸው። የዚህ ጉዞ ዋና ዘዴ ይኸው ነው። ልጅ ሲጠይቅ መጀመሪያ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" በሉት፤ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ገና መጻፍ ያልጀመረች ትሳል። የሚያውቁትን ቶሎ መናገር የሚወዱ አባቶች እዚህ ላይ ትንሽ ይቸገራሉ።

ፓህራምፕ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ዴዝ ቫሊ ውስጥ ማደያ አለ፣ ዋጋው ግን ያናድዳል።

አንደኛ፦ አሽ ሜዶስ፣ አሣ በበረሃ

ከፓህራምፕ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዳችሁ አሽ ሜዶስ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። መግቢያ አይከፈልም። ውስጡ የተወሰነው መንገድ ጠጠር ነው፤ በቅርቡ ዘንቦ ከሆነ እለፉት። ዘንቦ ካልሆነ የእንጨት ድልድይ መሰል መሄጃ አለ፣ ጋሪም ያስገፋል። ሥሩ ከመሬት የሚፈልቅ ሞቅ ያለ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ልጆቹ በሆዳቸው ይተኙና ዝቅ ብለው ይዩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ጥላቸው ሳይንቀሳቀስ ትንሽ ከቆየ ግን ከጣት የሚያንሱ ዓሣዎች ከሣሩ ሥር ብቅ ብቅ ይላሉ። ሰማያዊዎቹ ወንዶቹ ናቸው። ፐፕፊሽ ይባላሉ።

"ዓሣ በረሃ ምን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ይህ አገር በበረዶው ዘመን ሐይቅና ወንዝ ነበር። ውሃው ሲደርቅ ዓሣዎቹ በየምንጩ ተነጣጥለው ቀሩ። እዚያው አቅራቢያ ዴቭልስ ሆል የሚባል የዋሻ ኩሬ አለ፤ የሱ ዓሣ ዓይነት በዓለም ሌላ ቦታ የለም። በ2013 የጸደይ ቆጠራ 35 ብቻ ነበር የተገኘው። ኩሬው ታጥሮ ስለሚጠበቅ ዓሣውን በቅርብ አታዩትም። ታሪኩን ግን ንገሯቸው፦ በሴፕቴምበር 2022 ሜክሲኮ ውስጥ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ የዚህ ኩሬ ውሃ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ማዕበል አስነሳ። የኔዎቹ መኪና ውስጥ ስለዚህ ብቻ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ተከራክረዋል።

ሁለተኛ፦ ዳንቴስ ቪው

ዴዝ ቫሊ ጃንክሽን ላይ ወደ 190 መንገድ ግቡ፤ ከዚያ ወደ ዳንቴስ ቪው በሚወስደው መገንጠያ ተጠምዘዙ። 13 ማይል ነው። የመጨረሻው ዳገት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ዝግ ብላችሁ ውጡ። ስትመለሱ ደግሞ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬን ላይ ተጭናችሁ አትውረዱ።

ጫፉ 1,669 ሜትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከታችኛው ሸለቆ በ14 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጃኬት አልብሱ። ገደል ስለሆነ ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ። ከእግራችሁ ሥር ሸለቆው ተዘርግቷል፣ መሀሉ ነጭ ነው። ማዶ ያለው ተራራ ቴሌስኮፕ ፒክ 3,368 ሜትር ነው፤ ዊንተር ላይ በረዶ ይይዛል።

እዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ታች የሚታየው ነጭ ነገር ምን እንደሆነ እያንዳንዱ ይገምት። በረዶ? ውሃ? አሸዋ? ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ባዶውን ፕላስቲክ ክዳኑን ከፍተው የተራራውን አየር ያስገቡበት፣ ከዚያ ጥርቅም አድርገው ይዝጉት። ስማቸውን ይጻፉበት። ማንም እንዳይከፍተው።

ፈርነስ ክሪክ፣ ምሳ

የጎብኚዎች ማዕከሉ እዚህ ነው። መጀመሪያ ጁኒየር ሬንጀር የሚባለውን የልጆች ደብተር ጠይቁ፤ በነጻ ነው። ለዕድሜያቸው የተመደበውን ሞልተው ሲመልሱ ባጅ ይሰጣቸዋል፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ቃለ መሐላም ይገባሉ። ማዕከሉ ከመዘጋቱ በፊት ለመመለስ ሰዓቱን እዩ። ደብተራቸው ላይ መልስ ያጡለትን ጥያቄ የፓርኩን ጠባቂ፣ ሬንጀሩን፣ ራሳቸው ይጠይቁ። እናንተ አትጠይቁላቸው። የእኛ ልጆች ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ይቀናቸዋል፤ ከኋላ ቆማችሁ ዝም በሉ እንጂ አታስተርጉሙ።

ምሳው ጥላ ሥር። ቁራና ቀበሮ መሰሉ ካዮቲ ወደ ምግብ ይጠጋሉ፤ ምንም አትስጧቸው።

ጊዜ ካላችሁ አጠገቡ ሃርመኒ ቦራክስ የሚባል የድሮ ፋብሪካ ፍርስራሽ አለ። በ1880ዎቹ ከዚህ ማዕድን ጭነው 165 ማይል ርቆ እስካለው ባቡር ጣቢያ በእንስሳ ይጎትቱ ነበር። "ሃያ በቅሎ" ይባል እንጂ 18 በቅሎና 2 ፈረስ ነበር። አካባቢው የቲምቢሻ ሾሾኒ ሕዝብ አገር ነው፤ እነሱ ከማዕድን ቆፋሪው በፊትም ነበሩ፣ ዛሬም እዚያው ፈርነስ ክሪክ መንደር አላቸው። ልጆች "እዚህ ሰው ይኖራል?" ሲሉ መልሱ ይኼ ነው።

ሦስተኛ፦ ባድወተር

ከፈርነስ ክሪክ ወደ ደቡብ 17 ማይል። ገና ከመኪና ሳትወርዱ ፕላስቲኩ ይውጣ። ተጨማዶ፣ ወገቡ ገብቶ ታገኙታላችሁ። የታሸገው የተራራው ቀጭን አየር ነው፤ እዚህ ታች ያለው አየር ከብዶ ጨፈለቀው። ክዳኑን ሲከፍቱት "ፍስ" ብሎ ይነፋል። አሁን የጠዋቱን ቺፕስ ጥያቄ ራሳቸው ይመልሱታል። ከላይ ወደ ታች እንሂድ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቦታው ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በሰሜን አሜሪካ ከዚህ የሚወርድ ደረቅ መሬት የለም። ልጆቹ ዞር ብለው ከፓርኪንጉ በላይ ያለውን ገደል ይፈልጉ። የባሕሩ ልክ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ነጭ ምልክት ላዩ ላይ ተሰቅሏል። ለማግኘት አንገት ይሰበራል።

ከዚያ ጨው ላይ መራመድ ነው። ፓርኪንጉ አጠገብ ያለው በሰው እግር ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ትንሽ ራቅ ሲባል ግን ጨው እየተገፋ የጣት ቁመት ያህል ብቅ ያለበት፣ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ ይጀምራል። ማጉያው የሚወጣው እዚህ ነው። የጨዉን ጠርዝ ስትነኩት ይሰባበራል፤ በማጉያው ጥቃቅን አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ይሳባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዉ ይቀራል፣ ሲበዛ ቦታ ስለሚያጣ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ይነሳል። መቅመስ ይፈልጋሉ። በጣት ጫፍ ቀምሶ መትፋት አይገድልም፤ ብቻ የሺህ ሰው ጫማ ከረገጠው ከፓርኪንጉ በር አይሁን። ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ ጨውም ድንጋይም።

ስለ አገራችን ማንሳት ከፈለጋችሁ ቦታው ይኼ ነው። ደናክል ከዚህም ይወርዳል፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እዚያም ጨው አለ። አፋሮችና ትግሬዎች ጨዉን እየጠረቡ በግመል ጭነው ወደ ደጋ ሲያወጡት ኖረዋል፤ አሞሌው ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሁለቱም ቦታ የወረደው መሬት ስለሚሳብ ነው፤ የዳቦ ሊጥ በሁለት እጅ ሲጎትቱት መሀሉ ሳስቶ እንደሚረግብ። አያት አብራ ካለች እሷ ታውራው። ስለ አሞሌ ከእናንተ ይልቅ እሷን ይሰሟታል። እግሯን ካመማት የእንጨት መሄጃው ላይ ትቀመጥ፤ የደም ግፊት መድኃኒቷንና ውሃዋን አትርሱ።

አራተኛ፦ አርቲስትስ ድራይቭ

ከባድወተር ወደ ሰሜን ስትመለሱ በቀኝ በኩል ትገቡበታላችሁ። 9 ማይል ነው፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲዞር ኮረብታው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ቀዩና ቢጫው ብረት ነው፣ እንደ ሚስማር የዛገ። ሐምራዊው ማንጋኒዝ ነው። ልጆች ደክሟቸው ከሆነ ከመኪና ሳይወርዱም ይታያል።

የተዉኳቸው

የአሸዋ ክምሩ ያለው ስቶቭፓይፕ ዌልስ አጠገብ ነው፤ ከፈርነስ ክሪክ ሌላ 25 ማይል። ካደራችሁ ብቻ፣ በማለዳ። ሌሊት የሄዱ እንስሳት ኮቴ የሚታየው ያኔ ነው። ድንጋዮች ብቻቸውን የሚሄዱበት ሬስትራክ ደግሞ ለተራ መኪና አይሆንም፤ ጎማ ይበላል። እንቆቅልሹን ግን መንገድ ላይ ስጧቸው፦ ማን ነው የሚገፋቸው? ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ2014 ይፋ የሆነው መልስ፣ ስስ የበረዶ ንጣፍና ለስለስ ያለ ነፋስ ነው።

ልጅ ሲደክም እንዴት ይታወቃል

የሚጠይቅ ልጅ ጥያቄ ካቆመ እዩት። ፊቱ ቀላ? ራሱን አመመው? ሽንት ከወጣ ቆየ? ወደ መኪና አስገቡት፣ ኤሲ ክፈቱ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ቀጥታ ወደ ፈርነስ ክሪክ። አይፎን 14ና ከዚያ በኋላ የወጡት ያለ ኔትዎርክ በሳተላይት እርዳታ መጥራት ይችላሉ፤ አጠራሩን ቤት ሆናችሁ ተለማመዱ። መኪናው ከቆመ ከመኪናው አትራቁ። ልጅን መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ለሁለት ደቂቃም የለም።

መመለስ

እዚህ ፓርክ ውስጥ ከሙቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው የመኪና አደጋ ነው፤ በተለይ አንድ መኪና ብቻውን ሲገለበጥ። ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ያስነዳል። ፍጥነት አትጨምሩ። ከመሸ በኋላ እንስሳት መንገድ ያቋርጣሉ።

ጨረቃ ከሌለች ከመውጣታችሁ በፊት ዛብሪስኪ ፖይንት ፓርኪንግ ላይ መብራት አጥፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ ፓርኩ ከ2013 ጀምሮ በጨለማ ሰማዩ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ስልክ አይብራ።

ፓህራምፕ ላይ አንዴ አረፍ በሉ፤ የሚነዳ ሌላ ሰው ካለ ተቀያየሩ። ከኋላ ያሉት ሁሉም ይተኛሉ። ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ግን አይተኛ፤ ሹፌሩን ያጫውተው።